የዳንግላው ቆንስላና የአዊ ወፎች

የአዊ ወፎች በሳይንስ መዝገብ በስፋት መስፈር የጀመሩት ዳንግላ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን መቀመጫው በዚህች ከተማ ነበር። መንግሥቱ የላከው ለወፍ ብሎ አልነበረም። እንግሊዞች ጣና ላይ ግድብ ለመሥራት ያስቡ ነበር፤ የሱዳን ድንበርና የባሪያ ንግድ ጉዳይም ነበረባቸው። ቺዝማን ግን ወደ ዳንግላ ከመምጣቱ በፊት በኢራቅና በዓረብ በረሃ ወፍና እንስሳ ሲሰበስብ የኖረ ሰው ስለነበር፣ ለቆንስላ ሥራ በወጣበት መንገድ ሁሉ ወፎችንም ይመለከት ነበር።

ከእርሱ በፊት የመጡት ተጓዦች አካባቢውን ነክተውት ያለፉ ናቸው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 በአገው አገር አልፎ ግሽ ዓባይ ደረሰ። ከ20 ዓመት በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የመጨረሻ ክፍል የአገሩን እንስሳትና ዕፅዋት በሥዕል አስደግፎ ሲያቀርብ፣ የእርኩምን ስም እንደሰማው አድርጎ ጽፎታል። ከመዘገባቸው ስሞች አንዱ በተለይ የሚያስገርም ነው። ዛሬ ዋልያ ሲባል አንባቢ የሚያስበው የሰሜን ተራራን ፍየል ነው፤ ብሩስ ግን በዚህ ስም የጻፈው ሆዱ ቢጫ የሆነ አረንጓዴ እርግብን ነው። የእርግቡ የላቲን ስም እስከ ዛሬ ዋልያ የሚለውን ቃል ይዟል።

እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ሰሜንንና ጎንደርን ዞሮ በርካታ የደጋ ወፎችን ለሳይንስ አስተዋወቀ። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ በጩኸቱ የሚታወቀው ጋጋኖ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው መንቁረ ወፍራሙ ቁራና አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው እርግብ የላቲን ስማቸውን ያገኙት ከሩፔል ነው። ሦስቱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ አይገኙም። በአዊ ለምትገኘው ኢንጅባራ ሰው ግን የየዕለት ጎረቤቶች ናቸው።

በቺዝማን ዘመን የወፍ ጥናት መሣሪያው ከመነጽር ይልቅ ጠመንጃ ነበር። ወፉ ይመታል፣ ቆዳው ተገፎ በመርዝ ይታሻል፣ በጥጥ ይሞላል፤ እግሩ ላይም ቀኑን፣ ቦታውንና ጾታውን የሚገልጽ ወረቀት ይታሰራል። ዛሬ ጭካኔ ይመስላል፤ ሆኖም ወፎችን አጠገብ ለአጠገብ አስተያይቶ ዝርያቸውን ለመለየት በዚያን ጊዜ ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበረም። ከወፉ ይልቅ ወረቀቱ ዋጋ የሚያገኝበት ጊዜም አለ፤ ቦታና ቀን የሌለው ቆዳ ለተመራማሪ ብዙም አይረባም። ቺዝማን የሰበሰበውን ከዊልያም ሉትሊ ስክሌተር ጋር አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1935 እና በ1936 «አይቢስ» በተባለው የብሪታንያ የወፍ ጥናት መጽሔት አሳተመ። ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፉም በ1936 ወጣ። በዚያው ዓመት ጣሊያን አዲስ አበባን ያዘች። ቺዝማን እ.ኤ.አ. በ1940 ካርቱም ውስጥ ለኢትዮጵያ ዘመቻ መረጃ ከሚያጠናቅሩት አንዱ ሆነ፤ ወፍ ፍለጋ የተራመደበት የጎጃም መንገድና ወንዝ ለጦር ዕውቀት ዋለ።

በመጻሕፍቱ ውስጥ ቦታ ያላገኘ ሌላ የወፍ ተመልካች ነበር፤ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ እህል የሚጠብቅ ልጅ። ዳጉሳው እሸት ከያዘበት ጊዜ አንሥቶ እስኪታጨድ ድረስ፣ የትኛው ወፍ በመንጋ እንደሚመጣ፣ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያርፍ ያውቃል። ይህ ዕውቀት ከልጅ ወደ ልጅ በቃል ሲተላለፍ ኖረ እንጂ ከላቲን ስሞቹ ጎን አልሰፈረም። ትልቅ ጉድለት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ጠመንጃው ቀርቶ መነጽርና የስም ዝርዝር ቦታውን ያዙ። ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ወፎች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1971 ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም በ1996 በአገሪቱ ለወፎች እጅግ አስፈላጊ ናቸው ያላቸውን 69 ቦታዎች ለይቶ አወጣ። አዊ ዞን በስሙ ከተመዘገቡት አንዱ ነው።

በኢንጅባራ አካባቢ ወፍ ለማየት የሚመጣ ሰው የሚያመራው ወደ ዘንገና ነው። ሐይቁ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ፣ ዳርቻው በዛፍ የተከበበ ነው። በእርሻ መካከል የቀሩ አገር በቀል ዛፎች ከአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ሌላ በብዛት የሚገኙት እንዲህ ባሉ ቦታዎች ነው። የፋግታ ለኮማ ወረዳና አጎራባቾቹ ግን ባለፉት አሥርት ዓመታት ለከሰል በሚተከል ዲከረንስ ተሸፍነዋል። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ስለሚቆረጥ ለገበሬው ፈጣን ገቢ ሆኖታል። ክንፉን ሲዘረጋ ደማቅ ቀይ የሚታይበት ጉንጨ ነጩ ቱራኮ ግን ፍሬ በል ነው፤ እንደ ሾላ፣ ዶቅማና ዋርካ ያሉ ፍሬ የሚሰጡ ዛፎችን ይፈልጋል፤ የዲከረንስ ደረቅ ዘር አይሆነውም።