አባ መቻል፦ የጦር ሚኒስትሩ ምክርና የምክሩ ጉልበት

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በፈረስ ስማቸው አባ መቻል፣ በምኒልክ ዘመቻ ገና በለጋ ዕድሜያቸው ተማርከው ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት የገቡ የጨቦ ሰው ሲሆኑ፣ ፊታውራሪ ገበየሁ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከወደቁ በኋላ ፊታውራሪነቱን፣ ማለትም ከንጉሠ ነገሥቱ ጦር ቀድሞ የሚዘምተውን ግንባር የመምራት ሹመት፣ ተቀበሉ፤ በጥቅምት 1900 የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙም የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በችሎት ሰጧቸው ከሚባሉት ፍርዶች ብዙዎቹ በኋላ በአፈ ታሪክ የዳበሩ ስለሚመስሉ፣ ሰውየውን ከጨዋታው ይልቅ በሥራቸው መመዘን ይሻላል።

ከሥራቸው ሁሉ ጎልቶ የሚታየው የ1909ኙ ነው። መኳንንቱ የምኒልክን ወራሽ የልጅ ኢያሱን አልጋ ሊጠብቁ ለምኒልክ የገቡትን መሐላ አፍርሰው በመስከረም 17 ኢያሱን ሲሽሩ ሀብተ ጊዮርጊስ ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ፤ ውሳኔው ቀላል አልነበረም፣ ኃላፊነቱም ወዲያው ተከተለ። የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ዘምተው ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድን ገድለው ጦራቸውን ሲደመስሱ፣ ፊታውራሪው ደም ለመመለስ አልተጣደፉም፤ ይልቁንም ወዳጅነት የሚመስል መልእክት እየላኩ ንጉሡን አዘግይተው የሸዋ ጦር ከየአገሩ እስኪሰባሰብ ጊዜ ገዙ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ የተገኘው ድል ከጀግንነቱ እኩል የዚህ ትዕግሥት ፍሬ ነው፤ ዘዴው ለወዳጅነት ቃል ክብር ለሚሰጥ ሰው ቅር የሚያሰኝ መሆኑ ግን አይካድም።

ከወግ አጥባቂዎቹ ወገን ይቆጠሩ እንጂ የማንም ጥገኛ አልነበሩም። መሀል ሰፋሪ የተባለው፣ በዋና ከተማው ዙሪያ የሰፈረው ጦር፣ በ1910 ተነሥቶ ሚኒስትሮቹ እንዲሻሩ ባስገደደ ጊዜ በቦታቸው የቀሩት እሳቸው ነበሩ። ይህ ነጻነት ከአስተዋይነታቸው ብቻ የመነጨ አይደለም፤ የራሳቸው ጦርና ጦሩን የሚያበላ ሰፊ ግዛት ስለነበራቸው ምክራቸውን የሰማም ያልሰማም ይፈራው ነበር። ጉልበቱ የሹመቱ ሳይሆን የባለሹመቱ ስለነበረም ለተተኪ የሚተላለፍ አልሆነም፤ በታኅሣሥ 1919 ሲሞቱ አልጋ ወራሹ ተፈሪ መኮንን ጦሩንና ግዛቱን ፈጥነው በእጃቸው አደረጉ፣ በ1920 የሲዳሞው ገዥ ደጃዝማች ባልቻ ተፈሪን ብቻቸውን ተገዳድረው ተሸነፉ፣ መስከረም 27 ቀን 1921 ደግሞ ተፈሪ የንጉሥነት ዘውድ ጫኑ።