ጉድጓዱን ማን ይዘጋዋል?

አትክልት ተራ ገበያው በ2012 በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ሲነሳ ስሙን ለባቡር ጣቢያው ትቶ ሄደ። ከዚያ ጣቢያ ወደ ምኒልክ አደባባይ ሲኬድ ባቡሩ ከመሬት በታች ይገባል። ጨለማው ሲመጣ እኔ ሁልጊዜ የማስበው ስለ ውሃ ነው። ክረምት ላይ የፒያሳን ቁልቁለት ጎርፍ ያየ ሰው ይገባዋል። ዋሻ አንዴ ከተቆፈረ፣ ሥራው ቢቆምም እንኳ፣ ጠባቂ ይፈልጋል።

ይህን በደንብ የሚያውቁት የድንጋይ ከሰል አገሮች ናቸው። ጀርመን የመጨረሻውን ጥልቅ የከሰል ጉድጓድ በታኅሣሥ 2018 (እ.ኤ.አ.) ዘጋች። ፓምፖቹ ግን አልቆሙም። በሩር አካባቢ መሬቱ ከቁፋሮው የተነሳ በቦታው እስከ 25 ሜትር ሰምጧል፤ ውሃው ካልተሳበ ከተሞቹ ሐይቅ ይሆናሉ።

አፉን በኮንክሪት ደፍኖ መሄድስ? አይሆንም። ውሃው ከውስጥ ይጠራቀማል፤ በከሰሉ ውስጥ ያለው ድኝ አየርና ውሃ ሲያገኝ አሲድ ይሆናል፤ ግፊቱም አንድ ቀን መውጫ ይፈልጋል። በጥር 2021 (እ.ኤ.አ.) በዌልስ፣ ስኬወን መንደር፣ ከአሮጌ የከሰል ማውጫ ገንፍሎ የወጣ ውሃ ቤቶችን አጥለቀለቀ። ስለዚህ ሲዘጋ ማፍሰሻ ቱቦ ይተውለታል፤ ቱቦውንም የሚጠርግ ሰው ያስፈልጋል።

ከሁሉም የማልረሳው የፔንሲልቬንያውን ክዊክሪክ ነው፤ ሐምሌ 2002 እ.ኤ.አ.። ከማዕድኑ ጎን ሳክስማን የተባለ፣ ተትቶ ውሃ የሞላው አሮጌ ማዕድን ነበር። ቆፋሪዎቹ የያዙት ካርታ አሮጌውን ግድግዳ አርቆ ያሳያል፤ የመጨረሻው ካርታ እጃቸው አልገባም። ማሽኑ ግድግዳውን በሳው። ዘጠኝ ሰዎች ውሃ ከቧቸው ቀሩ፤ ከላይ ጉድጓድ ተበስቶላቸው ከ77 ሰዓት ገደማ በኋላ ዘጠኙም በሕይወት ወጡ። ጥፋቱ የአንድ ወረቀት ነበር።

ወደ እኛ ልመለስ። በጥር 2016 መጨረሻ ደቡብ ወሎ፣ ደላንታ፣ የኦፓል ዋሻ ተንዶ ሃያ ያህል ወጣቶችን ዋጠ። የአካባቢው ሰው በእጁ ሲቆፍር፣ እዚህ ፒያሳ በዚያው ሰሞን የዓድዋ ሙዚየም እየተመረቀ ነበር። የማዕድን አዋጅ ቁጥር 678/2002 ፈቃድ ያለው ድርጅት ለመሬቱ ማገገሚያ ገንዘብ እንዲመድብ ያስገድዳል። በእጅ የሚቆፍረው ወጣት ግን የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት እንኳ አይጠየቅም፤ ዋሻውን ትቶት ሲሄድ ሌላው ከጎኑ ይጀምራል።

አሁን ደግሞ ከሰልን በአገር ውስጥ ለመተካት ፈቃድ በየጊዜው ይሰጣል። ዜናው ስንት ቶን እንደሚወጣ ይነግረናል። የቁፋሮው ካርታ ማን ጋ እንደሚቀመጥ ግን አንድም ቀን ሲነገር አልሰማሁም።