ዓባይን ሊገራ የሄደው ዓሊም

ኢብኑል ሀይሠምን ብዙዎቻችን የምናውቀው ብርሃንና እይታን ባጠናበት «ኪታቡል መናዚር» ነው። ዓባይን ለመገደብ አስዋን ድረስ መሄዱንስ ስንቶቻችን ሰምተናል?

ነገሩ ከ1000 ዓመት በፊት ነው። በእኛ ደጋ ክረምቱ ሲበረታ ዓባይ ሞልቶ የግብፅን ማሳ ያጠጣል፤ ከልኩ ሲያልፍ መንደር ያጥለቀልቃል፤ ሲያንስ ረሃብ ይገባል። የበስራው ተወላጅ ኢብኑል ሀይሠም «ግብፅ ብሆን ወንዙ ሲሞላም ሲጎድልም እንዲጠቅም አደርግ ነበር» የሚል ሐሳብ መናገሩ የፋጢሚያው ገዥ አል-ሓኪም ጆሮ ደረሰ። አል-ሓኪም አስጠራው፤ ከካይሮ ውጭ ወጥቶ ተቀበለው፤ ሠራተኛ ጨምሮም ወደ ደቡብ ላከው።

ከ200 ዓመት በኋላ ታሪኩን የጻፈው አል-ቂፍጢ እንደሚለው፣ በመንገድ ያያቸው የጥንት ሕንፃዎች ልቡን አሸፈቱት። እንዲህ በልኬት ያነፁ ሰዎች፣ ወንዙን መግራት ቢቻል ኖሮ ይተዉት ነበር? ከአስዋን በላይ ያለው አል-ጀናዲል ሲደርስ ወንዙን ከግራ ከቀኝ መረመረ። እንደማይሆን ገባው። አፍሮ ተመለሰና እውነቱን ተናገረ።

እኛ እንደሚመስለን የሕንፃዎቹ ማስረጃ ደካማ ነው። የቀደሙት አልሠሩትም ማለት አይሠራም ማለት አይደለም። ቦታውን በዓይኑ ማየቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ግብፅ በአስዋን ከፍተኛውን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ጀምራ በ1970 ጨረሰች። ቁመቱ 111 ሜትር ሲሆን 43 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ አለትና አፈር ገብቶበታል። ይህን በአህያና በቅርጫት ማን ይጨርሰዋል? በሶቪየት ብድርና ማሽን እንኳ 10 ዓመት ፈጀ።

ግድቡ የታሰበለትን አድርጓል። የየዓመቱ ሙላት ቆመ፤ በ1980ዎቹ እኛን ድርቅ ሲፈጀን ግብፅ የሐይቁን ውሃ እየለቀቀች አለፈችው። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ወደ 100 ሺህ ኑቢያውያን ከቀያቸው ተነሡ። ከእኛ ተራሮች ተጠርጎ ማሳውን ያለማ የነበረው ደለል ከግድቡ ጀርባ ቀረ፤ ገበሬውም ማዳበሪያ ገዥ ሆነ።

ኢብኑል ሀይሠምን አል-ሓኪም ለጊዜው ሹመት ሰጠው። የሰውዬው ቁጣ ግን መቼ እንደሚነሣ አይታወቅምና ዓሊሙ እብድ መሰለ፤ በቤቱም ተዘጋበት። እ.ኤ.አ. በ1021 አል-ሓኪም ደብዛው ሲጠፋ ወጥቶ በአል-አዝሀር አጠገብ ተቀመጠ። የኢቅሊዲስን መጽሐፍ በእጁ እየገለበጠ፣ በሚሸጠው ይተዳደር ነበር።