ወባ ያልነው

ኮሌጃችን በ1947 ጎንደር ላይ ሲከፈት ከምክንያቶቹ አንዱ የደምቢያ ወባ ነበር። ያ ታሪክ ሳይሆን አይቀርም፣ ትኩሳት ያለበት ሰው ስናይ ቀድመን ወባን የምናስበው።

በ1996 ለአንድ የውጭ ድርጅት አማካሪ ሆኜ ደብረ ታቦር ሰነበትኩ። ከሊቦ ከምከም መድኃኒት እምቢ ያለው ወባ ወሬ ይመጣ ነበር፤ ሰው ይከሳል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ይሞታል። እኔም ከመዝገብ ቁጥር ለቅሜ “መድኃኒት የተላመደ ወባ” ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። አንድም ጣፊያ አልዳበስኩም። ለአማካሪ የሚከፈለው ለሪፖርቱ ነዋ!

ግንቦት 1997 ላይ ካላዛር መሆኑ ታወቀ። እኛ የምናውቀው የሁመራና የመተማ ቆላ በሽታ አድርገን ነው። ለሰሊጥ ሥራ የወረዱ ጎልማሶች ይዘውት ሳይመጡ አይቀርም፤ ግን ቆላ ረግጠው የማያውቁ ልጆችንም ያዘ። በኋላ የተደረገ ጥናት በግራር ጥላ ሥር መተኛትንና ውጭ ማደርን ከበሽታው ጋር አያይዟል።

ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ማከሚያ ከፈቱ። እስከ ታኅሣሥ 2000 ከታከሙት ግማሹ ከ18 ዓመት ያልበለጡ ነበሩ፤ ከመቶ 6.5 ያህሉ ሞተዋል። ከግንቦት በፊት ያለቁት በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። ከነሱ መካከል በኔ ሪፖርት በወባ የተቆጠሩ አሉ።

በ1998 አዲስ ዘመን ስመለስ አንድ አባት ለይተውኝ “ዶክተር፣ ያኔ መጥተው ነበር አይደል?” አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ልጃቸው የዕለቱን መርፌ ሊወጋ ተሰልፎ ነበር።