ጤና ወይስ እንጀራ? ከኅዳር 1911 እስከ መጋቢት 2012

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን መግባቱ በይፋ ከተነገረ በኋላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሰው ተገናኝቶ ሳያነሳው የማያልፈው ጥያቄ ነበር፤ «ይዘጋ ወይስ አይዘጋ?» የሚል። አንደኛው ወገን «ሰው ካለቀ በኋላ ገበያ ምን ያደርጋል?» ይላል። ሌላኛው ደግሞ «በሽታው የሚገድለው ጥቂቱን ነው፤ ረሃብ ግን ማንንም አይምርም» ሲል ይመልሳል። እኔም በዚያ ሰሞን ታክሲ ውስጥ፣ ሻይ ቤት በር ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይህን ክርክር ሰምቻለሁ። ከሁለቱ አንዱን ሞኝ ለማለት አልደፍርም። የሚገርመኝ ክርክሩ ሁልጊዜ በሚዛን መልክ መቅረቡ ነው። ጤና በአንዱ ሳህን፣ እንጀራ በሌላው ተቀምጦ፣ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው የግድ ዝቅ እንደሚል ተደርጎ ይታሰባል።

ለመሆኑ ነገሩ እንዲህ ነውን? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ዓለምን ሁሉ ያዳረሰ ሌላ ወረርሽኝ ነበር፤ ያኔም የተዘጉ ከተሞች ነበሩ፤ ያልተዘጉም ነበሩ። እስቲ ወደዚያ መለስ ብለን እንይ።

ኅዳር 1911

አንደኛው የዓለም ጦርነት ያበቃው ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1918) ነው። አውሮፓ የሰላም ደወል ስትደውል አዲስ አበባ ሙታኗን ትቀብር ነበር። በዓለም ዙሪያ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደፈጀ የሚገመተው ይህ ወረርሽኝ በውጭ «የስፔን ጉንፋን» ይባላል። ስሙን ያገኘው ከስፔን ስለተነሳ አይደለም። ተዋጊዎቹ መንግሥታት የሕዝባቸው ልብ እንዳይሰበር ጋዜጦቻቸውን አፍነው ስለነበር፣ ከጦርነቱ ውጭ የነበረችው የስፔን ጋዜጦች ግን በግልጽ ጻፉ። የተናገረው ስሙን ተሸከመ። እኛ ዘንድ ግን በወሩ ስም «የኅዳር በሽታ» ተባለ።

ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። አቡጀዲና ቆርቆሮ ባመጣው በዚያው የጅቡቲ መስመር በሽታውም እንደመጣ የሚገምቱ አሉ። የንግድ መንገድ ሁሉ የበሽታም መንገድ ነውና ግምታቸው አያስደንቅም። በሽታው ትልቅ ትንሽ አልለየም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ኋላ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በሚለው መጽሐፋቸው ይህንን ሲያነሱ፣ በአዲስ አበባ ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ሰው እንደሞተ ጽፈዋል። ቁጥሩን ዝቅ የሚያደርጉ ሌሎች ግምቶችም አሉ። ነዋሪዋ በአሥር ሺዎች ይቆጠር ለነበረ ከተማ፣ የግምቱ ግማሽ እንኳ ቢወሰድ የሚያስደነግጥ ነው።

አያቴ ከእናቷ የሰማችውን ስትነግረን፣ ከሞቱ ብዛት ይልቅ ደጋግማ የምታነሳው የቤቱን ዝምታ ነበር። ውሃ ቀጂው ታመመ፤ እንጨት ተሸካሚዋ ታመመች፤ እህል ፈጪዋም ተኛች። ጎተራው ሙሉ በሆነበት ቤት የሚጋግር ጠፍቶ ጦም ያደሩ ነበሩ። ከንፈራቸውን በውሃ የሚያርስላቸው አጥተው የሞቱ ነበሩ። ቀባሪ ሲታጣ አስከሬን ለጅብ እንደቀረም ይነገራል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። በኅዳር 1911 አዲስ አበባን የዘጋት በሽታው ራሱ ነው። «ኢኮኖሚው እንዳይጎዳ» ብሎ ሱቁን ክፍት ያደረገ ነጋዴ ቢኖር እንኳ ገዢው አልጋ ላይ ነበር፤ ተሸካሚው አልጋ ላይ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ነጋዴው ራሱ አልጋ ላይ ነበር። እንግዲህ ሚዛኑ የሚያታልለን መጀመሪያ እዚህ ላይ ነው። ካልዘጋን ገበያው እንደ ድሮው ይቀጥላል ብለን እንነሳለን። ወረርሽኝ ባለበት ከተማ ግን «እንደ ድሮው» የሚባል ምርጫ የለም።

ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» እያልን ቆሻሻ ሰብስበን እናቃጥላለን። ብዙ ሰው ልማዱን ከዚያ ዘመን ጋር ያያይዘዋል። ጭሱን አላጣነውም፤ ትምህርቱን ግን ረስተነዋል።

ሁለት ከተሞች

አዲስ አበባ የምትመርጥበት ጊዜም በቂ ሐኪምም አልነበራትም። የመምረጥ ዕድል ያገኙ ከተሞች ግን ነበሩ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ሁለት ከተሞች የተለያየ መንገድ ያዙ።

የመጀመሪያዋ ፊላደልፊያ ናት። በእኛ የመስቀል ማግስት፣ መስከረም 18 ቀን 1911 ዓ.ም.፣ የጦርነት ቦንድ ለመሸጥ ታላቅ ሰልፍ ተጠርቶ ነበር። በሽታው ከወታደሮች ወደ ነዋሪው መሻገር ስለጀመረ ሐኪሞች ሰልፉ ይቅር ብለው አስጠነቀቁ። የከተማዋ የጤና ኃላፊ ዊልመር ክሩሰን ግን አልሰረዙትም። ገንዘቡ ይፈለጋል፤ የሕዝቡ ስሜትም መቀዝቀዝ የለበትም። 200 ሺህ ያህል ሰው ጎዳና ላይ ትከሻ ለትከሻ ቆመ። በቀናት ውስጥ ሆስፒታሎቹ ሞሉ። መስከረም 23 ቀን ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ቲያትር ቤቱ እንዲዘጋ ታዘዘ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ ነው። ከስድስት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ከ12 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። የሬሳ ሣጥን ጠፋ። የመቃብር ቆፋሪ ጠፍቶ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ተማሪዎች አካፋ ያዙ። የስልክ ኩባንያው ሠራተኞቹ ስለታመሙበት «ለአስቸኳይ ጉዳይ ካልሆነ አትደውሉ» እያለ በጋዜጣ ለመነ። ለኢኮኖሚው ሲባል ያልተዘጋችው ከተማ መጨረሻዋ ስልክ እንኳ የማይደወልባት ከተማ መሆን ሆነ።

ሁለተኛዋ ሴንት ሉዊስ ናት። የጤና ኮሚሽነሩ ዶክተር ማክስ ስታርክሎፍ በሽታው በነዋሪው መካከል እንደታየ፣ ቀን ሳያባክኑ፣ መስከረም 27 ቀን ትምህርት ቤቶችን፣ ቲያትር ቤቶችንና መሰብሰቢያዎችን ዘጉ። ነጋዴዎች ተቆጡ። ከንቲባው ግን ከሐኪማቸው ጎን ቆሙ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ሁለቱን ሲያነጻጽር፣ በከፋው ሳምንት በፊላደልፊያ ከ100 ሺህ ሰው 257 ሲሞት በሴንት ሉዊስ 31 እንደሞተ አሳይቷል። ሴንት ሉዊስም ከነቀፋ ነፃ አልነበረችም፤ እገዳውን ስታላላ በሽታው ተመልሶ አገርሽቷል። ዘመኑ ሁሉ ተደምሮ ግን የፊላደልፊያ ሞት በነፍስ ወከፍ ከእጥፍ በላይ ነበር።

«እሺ፣ ነፍስ ዳነ፤ ገበያውስ?» የሚል አይጠፋም። ሰርጂዮ ኮሬያ፣ ስቴፋን ላክና ኤሚል ቨርነር የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ይህንኑ ጠየቁ። የአሜሪካን ከተሞች የ1918 መዝገብ አገላብጠው፣ ቀድመው የዘጉና ረዘም አድርገው የዘጉ ከተሞች ኋላ በኢኮኖሚ እንዲያውም የተሻሉ ሆኑ አሉ። ሌሎች ባለሙያዎች ተነሱባቸው፤ እነዚያ ከተሞች ከበሽታው በፊትም ፈጥነው እያደጉ ነበር ሲሉ ተከራከሩ። ከክርክሩ በኋላ የቀረው ድምዳሜ ጠበብ ያለ ነው፤ ቀድመው የዘጉት ከተሞች ከሌሎቹ የባሰ አልተጎዱም። ጠበብ ያለ ቢሆንም ትንሽ ነገር አይደለም። ጉዳቱን በዋናነት ያመጣው መዝጋቱ ሳይሆን በሽታው ነው ማለት ነውና።

ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ሁሉም ይዘጋ» ማለትም የዋህነት ነው። የያኔዎቹ ከተሞች የተዘጉት በአብዛኛው ለሳምንታት ነው፤ ብዙዎቹ ፋብሪካዎችም ሥራ አላቆሙም። የሳምንታት ታሪክ ለወራት መዘጋት ምስክር ሊሆን አይችልም።

መጋቢት 2012

ወደ አገራችን እንመለስ። የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ነሐሴ 23 ቀን ሊካሄድ የነበረው ምርጫ ተላለፈ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ ታክሲ ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ እንዲያስከፍል ሆነ። ይሁን እንጂ እንደ አውሮፓ «ሁሉም ቤቱ ይቀመጥ» አልተባለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሰጡት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ቤት የሌለው ብዙ ሕዝብ ባለበት፣ ቤት ያለውም የዕለት ጉርሱን በየዕለቱ ወጥቶ በሚፈልግበት አገር ሙሉ በሙሉ መዝጋት አይቻልም የሚል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድም በዚያው ሚዛን ላይ ነበር። ወደ ቻይና መብረሩን ባለማቆሙ በአፍሪካም በአገር ውስጥም ብዙ ተወቅሷል። ኋላ አብዛኛው የመንገደኛ በረራ ሲቋረጥ፣ ከመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበር እየነቀለ ጭነት አመላለሰ፤ ለአፍሪካ አገሮች የተላከውን የሕክምና ቁሳቁስም አደረሰ። ይህንን እንደ ድል የሚቆጥሩ አሉ፤ ያንን እንደ ድፍረት የሚቆጥሩም አሉ። እኔ ሁለቱም እውነት ይመስለኛል።

አለመዘጋታችን ታዲያ እንጀራችንን አዳነልን? የዓለም ባንክ በሚያዝያና በግንቦት 2012 ከ3 ሺህ በላይ ቤተሰቦችን በስልክ ጠይቆ ነበር። ከመካከላቸው 55 በመቶው ገቢያቸው እንደቀነሰ ወይም ጨርሶ እንደጠፋ ተናገሩ። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ነው! ከሰፈሬ ጉሊት ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ አንዲት እናት በዚያ ሰሞን ያሉኝ አይረሳኝም። «እጅሽን ታጠቢ ይሉኛል ልጄ፤ ታጥቤስ ምን ልበላበት?» ቦታቸውን ማንም አልከለከላቸውም። የቀረው ገዢው ነው። ፍርሃት ያለ አዋጅ ዘግቶባቸዋል።

ባሕር ማዶም ቢሆን እንደዚያው። በሰኔ 2012 ቤይሩት ባለው ቆንስላችን ደጃፍ፣ አሠሪዎቻቸው ሻንጣቸውን አስይዘው የጣሏቸው እህቶቻችን አስፋልት ላይ አድረዋል። የሊባኖስ ባንኮች ቀድመው ተንኮታኩተው ነበር፤ ወረርሽኙ ሲጨመርበት ሒሳቡ በሰው ቤት በምታገለግል ልጅ ትከሻ ላይ አረፈ።

በይፋ የተመዘገበው የአገራችን ሞት 7 ሺህ 500 ግድም ነው። ከተፈራው አንጻር ዝቅተኛ ነው። ይህንን ይዞ «ያልዘጋነው ትክክል ነበርን» ማለት ግን ያስቸግራል። ሕዝባችን በአብዛኛው ወጣት ነው፤ በሽታው ደግሞ የሚበረታው በሽማግሌ ላይ ነው። ምርመራውም ጥቂት ስለነበር ሳይመዘገብ የተቀበረው አይታወቅም። በሌላ በኩል የዘጋነው ነገርም ዋጋ አስከፍሎናል። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ቤት ዋለ። ባለገንዘቡ ልጁን በኢንተርኔት አስተማረ፤ የደሃው ልጅ ሊስትሮ ዕቃ አነገተ። ያልተመለሱትን ልጆች በየትኛው ሳህን ላይ እናስቀምጣቸው?

ሒሳቡን ማን ይክፈል?

እንግዲህ እኔ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው። «ጤና ወይስ እንጀራ?» የሚለው ጥያቄ አስተካክሎ አልተጠየቀም። በሽታ ከገባ እንጀራው መጎዳቱ አይቀርም፤ ከተማው ቢዘጋም ባይዘጋም። የሚቀረው ጥያቄ ጉዳቱን ማን ይሸከም የሚለው ነው። ደመወዝተኛው ቤቱ ተቀምጦ ደመወዙን ሲቀበል፣ የቀን ሠራተኛው ቤቱ ተቀምጦ ልጆቹን ያያል። «ዝጉ» ብሎ መናገር የሚቀለው ለመጀመሪያው ነው፤ «ክፈቱ» የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሽታው መጀመሪያ የሚያገኘው ሰው አይደለም።

በ2012 ይህን የተገነዘበ ሥራ ጨርሶ አልታየም አልልም። አዋጁን ተከትሎ የወጣው ደንብ ሠራተኛ ማባረርን፣ ተከራይ ማስወጣትንና ኪራይ መጨመርን ከልክሎ ነበር። ኪራይ የተዉ አከራዮች፣ ማዕድ ያጋሩ ጎረቤቶች አይተናል። ግን ደንቡ የሚጠብቀው ውልና ደመወዝ ያለውን ነው። ጉሊት ላይ የተቀመጡትን እናት ከሥራ የሚያባርራቸው አሠሪ ስለሌለ፣ እንዳይባረሩ የሚከለክል ሕግም አይደርስላቸውም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለክፉ ቀን መቆጠብ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። እድር አለን። በየወሩ እናዋጣለን፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሰው ሲሞት ማንም «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ብሎ አይከራከርም፤ ቀድሞ ተቀምጧልና። ነገር ግን የምናስቀምጠው ለቀብር ነው። ሰው እንዳይሞት ሦስት ሳምንት ቤቱ የሚቀመጥበትን ግን አላስቀመጥንም። በከተሞች ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው ሴፍቲኔት ለዚህ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ እንኳን ለክፉ ቀን ለደኅናውም ቀን ግን ሁሉንም አያዳርስም።

ከኮሮና በኋላ ይህንን ተቀምጠን ልንመክርበት በተገባ ነበር። ጥቅምት 2013 ላይ ጦርነት መጣና ኮሮናም፣ ክርክሩም፣ ትምህርቱም ተረሳ። ወረርሽኝ ግን ተራ አይጠብቅም። ሌላው ሲመጣ እንደገና ታክሲ ውስጥ «ይዘጋ ወይስ አይዘጋ?» እያልን እንከራከር ይሆናል። ያኔ መልሱን የሚወስነው የሐኪሙ ዕውቀትም የነጋዴው ስጋትም ብቻ አይሆንም። ጉሊቷ ላይ የተቀመጠችውን ሴት «ለሃያ ቀን ቤትሽ ቆዪ፤ ይኸው ቀለብሽ» ሊላት የሚችል አለ ወይ? አለ ከተባለ ይዘጋ። ከሌለ ግን መዝጋቱም መክፈቱም በእርሷ ሒሳብ ነው።