የኮሌጅ የሒሳብ ትምህርት ለሁሉ አንድ ከመሆን ወደ ልዩ ልዩ እንዴት ተሸጋገረ

ሕግ የሚያጠና ተማሪና መሐንዲስ ለመሆን የሚሻ ተማሪ አንድ ዓይነት ሒሳብ መማር ይገባቸዋልን? ይህ ጥያቄ የትምህርት ዘመን በተጀመረ ቁጥር በተማሪዎች መካከል ይነሣል። እንደ አዲስ ነገር ብንቆጥረውም ዕድሜው ወደ ሁለት መቶ ዓመት ይጠጋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄው በአሜሪካ ኮሌጆች እንዴት እንደ ተነሣና ምን ምን መልስ እንደ ተሰጠው መመርመር፥ በመጨረሻም በአገራችን ካለው የአንደኛ ዓመት ትምህርት ጋር ማመዛዘን ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዬል ኮሌጅ ተማሪው የሚመርጠው ትምህርት እምብዛም አልነበረም። ወደ ፊት ቄስም ይሁን ዳኛ፥ ነጋዴም ይሁን ሐኪም፥ ሁሉም ላቲን፥ ግሪክና ሒሳብ የመማር ግዴታ ነበረበት። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ጀረማያ ዴይ ራሳቸው የሒሳብ መምህርና የአልጀብራ መጽሐፍ ደራሲ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1828 የወጣው የኮሌጁ ሪፖርት ይህን ሥርዓት አጥብቆ ደገፈ። ክርክሩም የኮሌጅ ተግባር ተማሪውን ለአንድ ሙያ ብቻ ማሰልጠን ሳይሆን አእምሮውን መግራት ነው፤ ሒሳብም በማስረጃ ማሰብን ስለሚያስለምድ ለማንም ይበጃል የሚል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1830 ግን በዚያው ኮሌጅ ሁከት ተነሣ። ምክንያቱ ኮኒክ ሴክሽን የሚባለው የጂኦሜትሪ ክፍል ነው፤ ይኸውም ሾጣጣ ቅርጽ በልዩ ልዩ አቅጣጫ ሲቆረጥ የሚገኙትን መስመሮች የሚመረምር ትምህርት ነው። ተማሪዎቹ ቀድሞ ለጥያቄ ሲቆሙ በመጽሐፉ ላይ የተሣለውን ሥዕል እያዩ ይመልሱ ነበር። አሁን ግን ሥዕሉን በቃላቸው አጥንተው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ራሳቸው እንዲሥሉ ታዘዙ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች እምቢ አሉ። ከ96ቱ የክፍሉ ተማሪዎች 43ቱ ተባረሩ፤ ሌሎች ኮሌጆችም እንዳይቀበሏቸው ማስታወቂያ ተላከ። ከተባረሩት አንዱ የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት የጆን ካልሁን ልጅ ነበር። እርግጥ ነው፥ ጠቡ በፈተናው አሠራር እንጂ በሒሳብ ላይ አልነበረም። ሆኖም ትምህርት በግዴታ ብቻ ሲጫንና ጥቅሙ ለተማሪው ሳይገለጥለት ሲቀር ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል።

በዚያው ዘመን በዌስት ፖይንት ወታደራዊ ትምህርት ቤት የነበረው ሁኔታ ሌላ ነው። ይህ ትምህርት ቤት ምሳሌ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1794 በፓሪስ የተመሠረተውን ኤኮል ፖሊቴክኒክን ነበር። በዚያ ሒሳብ የሚሰጠው ለምሽግ፥ ለድልድይና ለመንገድ ሥራ ስለ ነበረ፥ ትምህርቱ ጥብቅ ቢሆንም ተማሪው የተማረውን የሚያውልበት ሥራ ከፊቱ ይታየው ነበር። እንግዲህ ሒሳብ ለአእምሮ መግሪያ ነው የሚለውና ለሥራ መሣሪያ ነው የሚለው ሁለት አስተያየት ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ጎን ለጎን ይታያል።

ሦስተኛው መልስ ምርጫ ነው። የኬሚስትሪ ምሁር የሆኑት ቻርልስ ኤልየት እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1909 የሐርቫርድ ፕሬዚዳንት በነበሩበት ጊዜ ተማሪው ትምህርቱን ራሱ እንዲመርጥ ሰፊ ነጻነት ሰጡ። ሌሎች ኮሌጆችም በየመጠናቸው ተከተሏቸው። ነጻነቱ መልካም ነበር፤ ጉዳቱ ግን ሒሳብን የሚፈራው ተማሪ ጨርሶ እንዲሸሸው በር መክፈቱ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። የኤኮኖሚ፥ የሳይኮሎጂና የሶሲዮሎጂ ምሁራን ሒሳብ አስፈለጋቸው። ኮሌጆች የሚያቀርቡት ግን በአብዛኛው ወደ ካልኩለስ የሚያደርሰውን፥ ለፊዚክስና ለምሕንድስና የሚስማማውን መንገድ ነበር። ስለዚህ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1953 የኮሌጅ ሒሳብን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ሦስቱ ምሁራን ኬሜኒ፥ ስኔልና ቶምሰን፥ ፋይናይት ማቲማቲክስ የሚባለውን ትምህርት የሚያስተዋውቅ መጽሐፍ አወጡ። የመጽሐፉ መነሻ በዳርትመዝ ኮሌጅ የተሰጠ ትምህርት ነው።

መጽሐፉ ካልኩለስን አሳጥሮ አላቀረበም። ሎጂክን፥ የስብስቦችን ትምህርት፥ ፕሮባቢሊቲንና ማትሪክስን መሠረት አድርጎ፥ በድምፅ አሰጣጥ ጊዜ የሚፈጠረውን የቡድኖች ኃይል፥ እንዲሁም በአንዳንድ ሕዝቦች ዘንድ ማን ማንን ማግባት እንደሚፈቀድለት የሚወስነውን ልማድ በሒሳብ ያስረዳል። የማኅበራዊ ኑሮ ተማሪ የራሱን ጥያቄ በሒሳብ ቋንቋ ተጽፎ አገኘው። ኬሜኒ ከባልደረባቸው ከኩርትዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ1964 ቤዚክ የተባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ ሲፈጥሩም ሐሳባቸው የሳይንስ ተማሪ ያልሆነውም ሁሉ በመሣሪያው እንዲጠቀም ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች እንደገና ሲጀመር ሒሳብ በሁለት ተከፍሎ ቀረበ፤ አንዱ ለተፈጥሮ ሳይንስ፥ ሌላው ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ነው። ሁለቱም በሎጂክና በስብስቦች ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ወደ ኮምፕሌክስ ቁጥሮችና የዬልን ተማሪዎች ወዳወከው ወደ ኮኒክ ሴክሽን ያመራል፤ ሁለተኛው ወደ ማትሪክስና ወደ ካልኩለስ መግቢያ ይሄዳል። የማኅበራዊ ሳይንሱ ተማሪ ማትሪክስ መማሩ ከዳርትመዝ ሐሳብ ጋር የሚቀራረብ ነው።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለየክፍሉ የተለየ ሒሳብ መስጠቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን የተለየ ማለት ያነሰ ማለት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ የሚቀርበው ምሳሌ ከሕዝብ ቆጠራ፥ ከገበያ፥ ከእርሻና ከምርጫ ድምፅ ካልተወሰደ፥ የማትሪክሱ ስሌት ለፈተና ብቻ ተጠንቶ የሚረሳ ይሆናል። እንዲሁም ማኅበራዊ ሳይንስ መርጦ የገባ ወጣት በኋላ ኤኮኖሚክስን ጠልቆ ማጥናት ቢሻ የጎደለውን ሒሳብ የሚያሟላበት ትምህርት ሊዘጋጅለት ይገባል። ያለዚያ ገና በልጅነቱ ያደረገው ምርጫ የዕድሜ ልክ ፍርድ ይሆንበታል። ዬል ሁሉን በአንድ መንገድ አስኬደ፤ ሐርቫርድ መንገዱን ለተማሪው ተወለት፤ ዳርትመዝ ግን ለሚሄደው ሰው የሚስማማ መንገድ ለመሥራት ደከመ። ለመምህራኖቻችንም የቀረው ድካም ይህ ሦስተኛው ይመስለናል።