ከቢላው በፊት፦ የጠበበው የጨጓራ በር ታሪክ

እስኪ አንበሳሜ ያለ አንድ የአራስ ቤት አስቡ። የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ ወንድ። ሲወለድ ደኅና ነበር። አራተኛው ሳምንት ላይ ግን የጠባውን ወተት በኃይል እየወረወረ ያስመልሰው ጀመር። ትውከቱ ሐሞት የለበትም። የሚገርመው ደግሞ ወዲያው ተርቦ ጡት ይፈልጋል። ጎረቤት «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥለት» ይላል። እንጥሉ ግን ምንም አላደረገም። ችግሩ ጨጓራ ወደ ትንሹ አንጀት የሚከፈትበት በር ላይ ነው፤ በሩን የከበበው ጡንቻ ወፍሮ መተላለፊያውን አጥብቦታል።

በሽታውን በግልጽ የጻፈው የኮፐንሃገኑ ሐኪም ሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1888። ያያቸው ሁለት ሕፃናት ግን ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ቀዶ ሐኪሞች ጨጓራውን በሌላ መንገድ ከአንጀት ጋር መቀጠል ሞከሩ፤ ብዙ ሕፃናት አልተረፉም። በ1907 ፈረንሳዊው ፒየር ፍሬዴ የውስጡን ስስ ሽፋን ሳይነካ ጡንቻውን ብቻ ሰነጠቀ፤ ስንጥቁን ግን መልሶ በአግድም ሰፋው። በ1911 ጀርመናዊው ኮንራድ ራምሽቴት እንደዚያው ሊሰፋ ሲል ክሩ ጡንቻውን እየቀደደ አስቸገረው። ስለዚህ ስንጥቁን ክፍት ተወው። ልጁ ዳነ። በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛውን ሕፃን ጭራሽ ስፌት ሳይሞክር ሠራው። በምህንድስና ዓይን ሲታይ ደስ የሚል ነገር ነው፦ መፍትሔው የመጣው ሥራ በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነው።

ይኸው ስንጥቅ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። የተለወጠው መግቢያው ነው። በ1991 አላን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ በካሜራ የሚሠራውን ዘዴ አሳተሙ። ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ትንሽ ይነፋል፤ በእምብርት በኩል ካሜራ፣ በሌሎች ትንንሽ ቀዳዳዎች ደግሞ 3 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው መሣሪያዎች ይገባሉ። ጥቅሙስ ስንት ነው? በ2009 ላንሴት ላይ የወጣ፣ 180 ሕፃናትን ያካተተ ጥናት መልስ አለው፦ በካሜራ የተሠሩት በ18.5 ሰዓት ሙሉ ምግባቸውን ጀመሩ፣ በተለመደው ቀዶ ሕክምና የተሠሩት በ23.9 ሰዓት። ጥሩ ነው፤ ግን ልዩነቱ የሰዓታት እንጂ የሞትና የሕይወት አይደለም።

የሞትና የሕይወቱ ጉዳይ ከቢላው በፊት ነው። ሕፃኑ ባስመለሰ ቁጥር ውኃ ብቻ ሳይሆን የጨጓራውን አሲድና ክሎራይድ፣ ቀስ በቀስም ፖታሲየሙን ያጣል። ደሙ አሲድነቱ ሲቀንስ ሰውነት ትንፋሽ ይቀንሳል፤ በዚህ ላይ ማደንዘዣ ከተጨመረ ትንፋሽ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በደም ሥር ጨውና ስኳር ያለው ፈሳሽ፣ ሽንት ሲመጣ ፖታሲየም ይሰጠዋል፤ ደሙ ሲስተካከል ብቻ ወደ ቀዶ ሕክምና ይገባል። ምርመራው አልትራሳውንድ ነው፦ የጡንቻው ውፍረት 3 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠናከራል።

እንግዲህ ካሜራው ባይኖርም የራምሽቴት ስንጥቅ ያድናል፤ ልጁ ሳይደርቅ ከደረሰ። ከአንበሳሜ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። ከተወለደ ከ2 እስከ 8 ሳምንት የሆነው ልጅ እየወረወረ ካስመለሰ፣ ሽንቱ ካነሰና ከከሳ፣ እንጥል ቆራጭ ዘንድ ቀን አትግደሉ፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነማ ሌላ አደጋ ነው፣ ይበልጥ ያስቸኩላል።